የየቲሙ አማና በስልክ ሲጓዝ፦ ነባሩ የገንዘብ ሕግና አዲሱ የክፍያ መሣሪያ

በአላህ ስም እጅግ በጣም ርኅሩኅ በጣም አዛኝ በሆነው። ምስጋና ሁሉ ለአላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም የቲም ሆነው ባደጉት በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



ከጥቂት ዓመታት በፊት የየቲም ድጎማ የሚታደለው በአንድ መንገድ ብቻ ነበር። ወሩ ሲገባ እናቶች ወይም አሳዳጊዎች ወደ ማኅበራት ቢሮ ይመጣሉ፣ ስማቸው ይጠራል፣ ገንዘቡ ተቆጥሮ ይሰጣቸዋል፣ እነርሱም በመዝገቡ ላይ ይፈርማሉ ወይም አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ያትማሉ። ያ የጣት አሻራ ትንሽ ነገር ይመስል ነበር። ነገር ግን ለጋሹ ለሰጠው፣ ማኅበሩ ለተቀበለው፣ እናትየዋ ለተረከበችው አማና የቆመ ምስክር ነበር። ዛሬ ግን ከድጎማው ብዙው በስልክ ይላካል። እናትየዋ ቤቷ ተቀምጣ ድምፅ ትሰማለች፣ አጭር መልእክት ታነባለች ወይም ልጇ ያነብላታል፣ ከዚያም ሰፈሯ ወዳለው ወኪል ሄዳ ብሩን ትቀበላለች።

ይህ ታላቅ ጸጋ ነው። የመጓጓዣ ወጪን ያስቀራል፤ በወረፋ የሚባክነውን ቀን ይመልሳል፤ ተረጂዋን ከሰው ዓይን ይሸሽጋታል። ሆኖም ከለጋሾችም ከቤተሰቦችም የሚነሳ ተገቢ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም፦ «ይህ ነገር አዲስ ነው፤ ሕግ አለው ወይ? ገንዘቡስ ቢጠፋ ማንን እንጠይቃለን?» የሚል ነው። በዚህ ጽሑፍ ለዚህ ጥያቄ በተቻለ መጠን ግልጽ የሆነ መልስ ለመስጠት እንሞክራለን።

ስሙ አዲስ፣ ሥራው ነባር

በመጀመሪያ ሊታወቅ የሚገባው ዋና ነገር፣ ሕግ አንድን አዲስ የገንዘብ አገልግሎት ሲመለከት የሚጠይቀው «መሣሪያው ምንድን ነው?» ብሎ ሳይሆን «የሚሠራው ሥራ ምንድን ነው?» ብሎ መሆኑ ነው። ገንዘብ ከሕዝብ ተቀብሎ ማስቀመጥ በብረት ሣጥንም ይሁን በስልክ ያው ገንዘብ ማስቀመጥ ነው። ማበደር በወረቀት ውልም ይሁን በአንድ ቁልፍ ያው ማበደር ነው። ገንዘብን ከአገር ወደ አገር ማስተላለፍም በደብዳቤ፣ በቴሌግራም ወይም በስልክ ፕሮግራም ቢሆን ያው ሐዋላ ነው። ስለዚህ አዲስ የተባለ መሣሪያ ሲመጣ ሕጉ ከባዶ አይጀምርም፤ ነባሩ ሕግ በሥራው ዓይነት ተለይቶ ይውልበታል፤ የጎደለውም በመመሪያ ይሟላል።

ይህ አስተሳሰብ ለእኛ ለሙስሊሞች እንግዳ አይደለም። የፊቅህ ሊቃውንት በውሎች ላይ ሲፈርዱ የሚመዝኑት ቃሉን ብቻ ሳይሆን የውሉን ዓላማና ትርጉም መሆኑ የታወቀ ነው። ሻጭና ገዢ ውላቸውን «ስጦታ» ብለው ቢጠሩትም ዋጋ ከተከፈለበት ሽያጭ ነው። ወለድም «ሽልማት» ተብሎ ቢጠራ ወለድነቱ አይቀየርም። በአንጻሩ ደግሞ በሙዓመላት በኩል መሠረቱ ፈቃድ በመሆኑ፣ መሣሪያው አዲስ ነው ተብሎ ብቻ ሐራም አይባልም። የሚመረመረው በውስጡ ያለው ውል ነው።

ለዚህ ጉዳይ ጎረቤታችን ኬንያ ጥሩ ምሳሌ ናት። እ.ኤ.አ. በ2007 ኤም-ፔሳ ሥራ ሲጀምር በኬንያ ስለ ስልክ ገንዘብ የሚደነግግ የተለየ ሕግ አልነበረም። የአገሪቱ ማዕከላዊ ባንክ አገልግሎቱን ካጠና በኋላ መቃወሚያ እንደሌለው የሚገልጽ ደብዳቤ ሰጠ። ደብዳቤው የተሰጠው የደንበኞች ገንዘብ ከኩባንያው ገንዘብ ተለይቶ፣ በአደራ ያዥ ስም፣ በንግድ ባንኮች እንዲቀመጥ በሚል መሠረት ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 መጨረሻ ላይ በአገልግሎቱ ደኅንነት ላይ ጥያቄ ሲነሳ መንግሥት ምርመራ አዘዘ፤ አገልግሎቱም ከምርመራው በኋላ ቀጠለ። የክፍያ ሥርዓት ሕጉ የወጣው ከዚያ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ከዚህ የምንማረው፣ ሕጉ ኋላ ቢመጣም መሠረቱ ማለትም የሰውን ገንዘብ ከራስ ገንዘብ ለይቶ መያዝ ከመጀመሪያው እንደነበረ ነው። የአማናም ትርጉም ይኸው ነው።

በአገራችን ነገሩ እንዴት ሄደ?

በኢትዮጵያ የብሔራዊ የክፍያ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 718/2003 አስቀድሞ ወጥቶ ነበር። አዋጁ ማንኛውም የክፍያ መሣሪያ ያለ ኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ፈቃድ እንዳይወጣ ይደነግጋል። በ2005 ዓ.ም ደግሞ ብሔራዊ ባንክ የሞባይልና የወኪል ባንክ አገልግሎት መመሪያን ሥራ ላይ አዋለ። በዚህ መመሪያ መሠረት የስልክ ገንዘብ አገልግሎት የሚሰጡት ባንኮችና አነስተኛ የፋይናንስ ተቋማት ብቻ ነበሩ። ኤም-ብርና ሄሎካሽ የተባሉት አገልግሎቶች በዚሁ ጥላ ሥር የሠሩ ናቸው። በኤም-ብር አማካይነትም የሴፍቲኔት ተጠቃሚዎች ክፍያቸውን በስልክ እንዲቀበሉ ተደርጓል።

በ2012 ዓ.ም ብሔራዊ ባንክ የክፍያ መሣሪያ አውጪዎችን ፈቃድ የሚመለከት አዲስ መመሪያ ሲያወጣ ባንክ ያልሆኑ ድርጅቶችም የኤሌክትሮኒክ ገንዘብ እንዲያወጡ በሩ ተከፈተ። ኢትዮ ቴሌኮም ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም ቴሌብርን በይፋ ያስጀመረው በዚህ መሠረት ነው። አዋጁም በቁጥር 1282/2015 ሲሻሻል የውጭ ባለሀብቶች በዘርፉ እንዲገቡ ተፈቀደ፤ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያም በ2015 ዓ.ም ፈቃድ አግኝቶ በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር ኤም-ፔሳን በአገራችን ጀመረ።

እንግዲህ «ሕግ የለውም» የሚለው አባባል ትክክል አለመሆኑ ከዚህ ይታያል። ፈቃድ ያለው አገልግሎት ሰጪ ባለቤትም ተቆጣጣሪም አለው። ስለዚህ አንድ አዲስ የስልክ ፕሮግራም «ገንዘባችሁን አስቀምጡ፣ እናበዛላችኋለን» ብሎ ሲመጣ የመጀመሪያው ጥያቄ «ከብሔራዊ ባንክ ፈቃድ አለው ወይ?» የሚል መሆን አለበት። ፈቃድ ከሌለው የተቀረው ንግግር ሁሉ ዋጋ የለውም።

በስልክ ያለው ብር የት ነው ያለው?

ብዙ ሰው በስልኩ ላይ የሚያየው ቁጥር በስልኩ ውስጥ ያለ ገንዘብ ይመስለዋል። ስልኩ ከተሰረቀም ገንዘቡ አብሮ የሄደ ይመስለዋል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ስልኩ መክፈቻ እንጂ ሣጥኑ አይደለም። በመመሪያው መሠረት የኤሌክትሮኒክ ገንዘብ አውጪው ድርጅት ለደንበኞች ካወጣው ገንዘብ ጋር እኩል የሆነ ጥሬ ብር በባንክ፣ በተለየ ሒሳብ ማስቀመጥ ይጠበቅበታል። በሌላ አነጋገር በአንዲት እናት ስልክ ላይ 500 ብር የሚል ቁጥር ካለ፣ 500 ብር በባንክ ተቀምጦ መገኘት አለበት። ድርጅቱ ይህን ገንዘብ ለራሱ ሥራ ማዋል ወይም ማበደር አይፈቀድለትም። ባንክ ከአስቀማጮች የተቀበለውን ገንዘብ ሲያበድር፣ የኤሌክትሮኒክ ገንዘብ አውጪ ግን ይህን ማድረግ አይችልም፤ የሁለቱ ልዩነት እዚህ ላይ ነው።

በሸሪዓ ዓይንም ይህ ጉዳይ በዘመናችን ዑለማእ ታይቷል። የኢንዶኔዥያ ዑለማእ ምክር ቤት የሸሪዓ ቦርድ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ፈትዋ፣ በኤሌክትሮኒክ ገንዘብ አውጪውና በባለገንዘቡ መካከል ያለው ውል ወዲዓ (አደራ) ወይም ቀርድ (ያለ ወለድ ብድር) መሆኑን ወስኗል። ገንዘቡም በሸሪዓ በሚሠራ ባንክ እንዲቀመጥ፣ መያዣ ካርዱ ቢጠፋ እንኳ በአውጪው ዘንድ ያለው ገንዘብ እንዳይጠፋ አዟል። ይህ ፈትዋ የተሰጠው ለዚያች አገር ቢሆንም፣ አዲሱ መሣሪያ በነባሩ ውል እንዴት እንደሚመዘን ጥሩ ማሳያ ነው።

በመሆኑም ስልኳ የጠፋባት እናት ማድረግ ያለባት ተስፋ መቁረጥ ሳይሆን ሳትዘገይ ለአገልግሎት ሰጪው አመልክታ ሒሳቡን ማሳገድ፣ ከዚያም መታወቂያዋን ይዛ ሲም ካርዱን በስሟ ማስተካት ነው። ይህ የሚሆነው ግን ሲም ካርዱ በእርሷ ስም ከሆነ ብቻ ነው። ወደሚቀጥለው ነጥብ የሚወስደንም ይኸው ነው።

ባለሒሳቡ ማን ነው?

በወንጀል ድርጊት የተገኘ ገንዘብን ሕጋዊ አስመስሎ ማቅረብንና ሽብርተኝነትን በገንዘብ መርዳትን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 780/2005 የገንዘብ ተቋማት ደንበኛቸውን እንዲያውቁ ያስገድዳል። ይህ ግዴታ የተደነገገው ቴሌብርም ኤም-ፔሳም በአገራችን ከመጀመራቸው በፊት ነው፤ ዛሬ ግን በእነርሱም ላይ ይሠራል። የስልክ ገንዘብ መመሪያው ይህን ግዴታ ለድሀው ሕዝብ እንዲመች በደረጃ ከፍሎታል። ጥቂት ማስረጃ ያቀረበ ሰው አነስተኛ መጠን ብቻ ማስቀመጥና ማንቀሳቀስ ይችላል፤ የተሟላ ማስረጃ ያቀረበ የመጠን ጣሪያው ከፍ ይልለታል። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተደነገገው ዲጂታል መታወቂያ ማለትም ፋይዳም ማንነትን ለማረጋገጥ ያገለግላል።

አንዳንድ ቤተሰቦች ይህን የማንነት ጥያቄ እንደ አላስፈላጊ ጣጣ ይመለከቱታል። የጎረቤት ሲም ካርድ ይዋሳሉ፤ ድጎማው በአጎት ወይም በሱቅ ባለቤት ስልክ እንዲላክላቸው ይጠይቃሉ። እስቲ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንዲት እናት የሦስት የቲሞች አሳዳጊ ናት እንበል። ሲም ካርዱ የጎረቤቷ ነው። ወር በገባ ቁጥር ጎረቤትየዋ ብሩን ተቀብላ ትሰጣታለች፤ አላህን የምትፈራ ሴት ናት። አንድ ቀን ግን ጎረቤትየዋ ትሞታለች ወይም ወደ ሌላ ከተማ ትሄዳለች። በሕግ ፊት በዚያ ስልክ ያለው ገንዘብ የጎረቤትየዋ ነው። ወራሾቿ «ይህ የእናታችን ነው» ቢሉ እናትየዋ ምን ማስረጃ ታቀርባለች? ከመካከላቸው የበደለ ሰው ሳይኖር የየቲሞቹ ሐቅ ይባክናል።

ልጆቹን በተመለከተ የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ 18 ዓመት ያልሞላውን ልጅ አካለ መጠን ያላደረሰ ይለዋል። ስለ ልጁ አካላዊ ሁኔታና አስተዳደግ አሳዳሪ፣ ስለ ንብረቱ ደግሞ ሞግዚት ኃላፊ ነው። ከወላጆች አንዱ ሲሞት በሕይወት ያለው ወላጅ ሁለቱንም ኃላፊነቶች ይይዛል። ሁለቱም ከሞቱ ኃላፊነቱ በሕጉ ቅደም ተከተል ለቅርብ ዘመዶች ይተላለፋል ወይም ፍርድ ቤት ይሾማል። በርካታ ክልሎችም የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸው። ስለዚህ ለየቲሙ የተላከ ገንዘብ በእናት ወይም በሞግዚት ሒሳብ ቢገባም ባለቤቱ የቲሙ ነው፤ ሞግዚቱ ጠባቂ እንጂ ባለገንዘብ አይደለም። ስለሆነም ሞግዚት የሆነ ዘመድ የሞግዚትነት ማስረጃውን አውጥቶ ለሚረዳው ማኅበር እንዲያቀርብ አጥብቀን እንመክራለን።

አባት ሲሞት በስልኩ የቀረው ገንዘብ

ስለዚህ ነጥብ በተለይ ማስጠንቀቅ እንወዳለን፤ ምክንያቱም ሳይታወቅ በብዙ ቤት የሚፈጸም ስሕተት ሊሆን ስለሚችል ነው። አባት ሲሞት ስልኩ በሐዘንተኞች እጅ ይቀራል። የምስጢር ቁጥሩን ሚስቱ ወይም ወንድሙ ያውቀዋል። ለቀብርና ለሐዘንተኛ ማስተናገጃ ገንዘብ ሲያስፈልግ አንዱ ተነስቶ በስልኩ ያለውን ብር ያወጣል። «የራሱ ገንዘብ ለራሱ ዋለ» ይባላል።

ነገር ግን ነፍሱ ከወጣችበት ሰዓት ጀምሮ ያ ገንዘብ የሟቹ አይደለም፤ ውርስ ሆኗል። በሸሪዓ ከውርሱ ላይ አስቀድሞ የሚነሳው ለከፈንና ለቀብር የሚያስፈልገው ተገቢ ወጪ፣ ቀጥሎ ዕዳው፣ ቀጥሎም ከሲሶ ያልበለጠ ኑዛዜው ነው። የቀረው ለወራሾች ነው፤ ከወራሾቹም መካከል ገና ያልበሰሉ የቲሞች አሉ። አዋቂው ወራሽ በራሱ ድርሻ ለሐዘንተኛ ቢደግስ መብቱ ነው፤ በየቲሙ ድርሻ ግን መደገስ አይችልም፤ ትንሹ ልጅ ፈቃድ ሊሰጥ አይችልምና። የየቲምን ገንዘብ በግፍ መብላት ከታላላቅ ወንጀሎች መካከል መሆኑን የማያውቅ ሙስሊም የለም። በአንድ ቁልፍ ተጭኖ የሚወጣ ገንዘብ ስለሆነ ብቻ ፍርዱ አይቀልም።

በአገሪቱ ሕግም መንገዱ ይኸው ነው። ወራሾች የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት አውጥተው ለባንኩ ወይም ለስልክ ገንዘብ አገልግሎት ሰጪው ያቀርባሉ። የውርስና የሞግዚትነት ጉዳዮች ተከራካሪዎቹ ከተስማሙ በሸሪዓ ፍርድ ቤት ሊታዩ እንደሚችሉ የፌዴራል የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 188/1992 ይደነግጋል። ስለዚህ ቤተሰቡ ማድረግ ያለበት ስልኩን በአንድ ታማኝ ሰው እጅ ማስቀመጥ፣ በሟቹ ስም ያሉትን የባንክና የስልክ ሒሳቦች ሁሉ መዝግቦ መያዝ፣ ከዚያም በሕጉ መንገድ መሄድ ነው። እናንተም በሕይወት ያላችሁ አባቶች፣ የምስጢር ቁጥራችሁን ሳይሆን በየትኞቹ ተቋማት ሒሳብ እንዳላችሁ በጽሑፍ አስቀምጡ። ቤተሰቡ የማያውቀው ሒሳብ ለየቲሙ እንደሌለ ነው።

ስለ ወለድና ስለ ክፍያ

ባንክ ያልሆነ የስልክ ገንዘብ አውጪ በራሱ ገንዘብ የማበደር መብት በመመሪያው አልተሰጠውም፤ ማበደር በነባሩ ሕግ የባንክና የአነስተኛ ፋይናንስ ተቋማት ሥራ ነውና። ስለዚህ በስልክ የሚሰጡ አነስተኛ ብድሮችና የቁጠባ አገልግሎቶች ከጀርባቸው ባንክ አለ። ኢትዮ ቴሌኮም በ2014 ዓ.ም መጨረሻ ከዳሸን ባንክ ጋር የጀመረው አገልግሎት ለዚህ ምሳሌ ነው። ከዚህ የሚከተለው ለሙስሊሙ ግልጽ ነው፤ ገንዘብ መላክና መቀበል አንድ ውል ነው፤ በዚያው ስልክ ላይ ያለው ብድር ግን ሌላ ውል ነው። ለማስተላለፍ የሚከፈለው ዋጋ የአገልግሎት ዋጋ ነው። ብድር ተወስዶ ሲመለስ የሚጨመረው ግን «የአገልግሎት ክፍያ» ቢባልም ስሙ ሳይሆን ውሉ መመርመር አለበት። በብድሩ መጠንና በቆይታው ጊዜ የሚጨምር ክፍያ ከሆነ ዑለማእን ሳይጠይቁ መግባት አይገባም።

በዚህ በኩል የአገራችን ሕግ ለሙስሊሙ መንገድ ከፍቷል። በ2004 ዓ.ም ብሔራዊ ባንክ ባወጣው መመሪያ ባንኮች ከወለድ ነጻ መስኮት እንዲከፍቱ ተፈቀደ፤ በ2011 ዓ.ም ደግሞ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነጻ የሆኑ ባንኮች እንዲቋቋሙ ተፈቅዶ ዘምዘም ባንክ በ2013 ዓ.ም ሥራ ጀመረ፤ ሒጅራ ባንክና ሌሎችም ተከተሉ። በመሆኑም የስልክ ሒሳቡን ከባንክ ሒሳብ ጋር የሚያገናኝ ሰው ከወለድ ነጻ ከሆነ ሒሳብ ጋር ማገናኘት ይችላል። የቁጠባ አገልግሎት ሲመርጥም ወለድ የማይታሰብበትን ለይቶ መጠየቅ አለበት። የየቲም ገንዘብ ወለድ በሚታሰብበት ሒሳብ ውስጥ ሳናስተውል እንዳይገባ መጠንቀቅ የሁላችንም ግዴታ ነው።

ማኅበርና ሰብሳቢ

የስልክ ገንዘብ ከሰጠው ምቾት ጋር አንድ ፈተናም አምጥቷል። ማንም ሰው የአንድ የታመመ ወይም የተራበ ልጅ ፎቶግራፍ አውጥቶ ከሥሩ የራሱን ስልክ ቁጥር መጻፍ ይችላል። ገንዘቡም በደቂቃዎች ውስጥ ይገባል። እውነተኛ ሰብሳቢ ቢሆን እንኳ፣ የየቲሙ ብርና የራሱ የቤት ወጪ በአንድ ሒሳብ ውስጥ ይቀላቀላሉ። ቢሞት ሁሉም ውርስ ይሆናል፤ ቢከሰስ ሁሉም ይታገዳል።

የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የበጎ አድራጎት ሥራን በሚመለከት ያስቀመጠው ሥርዓት መሣሪያው ቢቀየርም አይቀየርም። ድርጅቱ መመዝገብ፣ የባንክ ሒሳቡን በድርጅቱ ስም መክፈት፣ መዝገብ መያዝ፣ ሒሳቡን ማስመርመርና ዓመታዊ ሪፖርት ማቅረብ አለበት። የአስተዳደር ወጪውም ከገቢው 20 በመቶ መብለጥ የለበትም። በስልክ የገባ ገንዘብም በባንክ እንደገባው ሁሉ በዚህ ሥርዓት ውስጥ ያልፋል። ስለዚህ ለጋሹ ከመላኩ በፊት በስልኩ ላይ የሚወጣውን የተቀባይ ስም ያንብብ። የማኅበሩ ስም ሳይሆን የግለሰብ ስም ከሆነ ይቁምና ይጠይቅ። መጠየቅ መጠራጠር አይደለም፤ አማናን ማክበር ነው።

የየቲሙ ስም፣ ፎቶግራፍና የቤተሰቡ ሁኔታም የግል መረጃው ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መረጃን የሚሰበስብ አካል ለታወቀ ዓላማ ብቻ እንዲጠቀምበት ግዴታ ይጥላል። የልጁን ድህነት በአደባባይ ማውጣት ሲያድግ የሚሸከመው ነውር እንዳይሆን እናስብ።

ከውጭ አገር ለምትልኩ ወንድሞችና እኅቶች

በባሕረ ሰላጤው አገሮች፣ በአውሮፓና በአሜሪካ የምትኖሩ ወገኖቻችን ለየቲሞች ድጎማ ትልቅ ድርሻ አላችሁ። በዚህ ረገድ ሁለት ነገሮችን መለየት ይገባል። አንድ ሰው ከራሱ ደመወዝ ለራሱ ዘመድ መላኩ አንድ ነገር ነው፤ ከሌሎች ሰዎች ልገሳ ሰብስቦ መላክ ደግሞ ሌላ ነው። ለምሳሌ የተባበሩት አረብ ኤምሬቶች እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣችው የልገሳ ሕግ ፈቃድ የሌለው ግለሰብ ልገሳ እንዳያሰባስብ ይከለክላል። በሳዑዲ ዓረቢያም ወደ ውጭ አገር የሚላክ ልገሳ በንጉሥ ሰልማን የሰብዓዊ እርዳታ ማዕከል በኩል ብቻ እንዲሆን መንግሥት በተደጋጋሚ አስታውቋል። በስልክ ቡድን ውስጥ በየወሩ ገንዘብ ማዋጣት ቀላል ቢመስልም፣ አስተባባሪ የሆነውን ወንድም ወይም እኅት ባላሰቡት ክስ ሊጥል ይችላል። በበጎ ሥራ የተነሳ ሰው ራሱን ለአደጋ እንዳይዳርግ የሚኖርበትን አገር ሕግ አስቀድሞ ይጠይቅ።

ወደ ኢትዮጵያ ሲላክም ፈቃድ ያለውን የሐዋላ ድርጅት ወይም ባንክ መጠቀም ይገባል። ቀድሞ በባንክና በጥቁር ገበያ መካከል የነበረው ሰፊ የምንዛሪ ልዩነት ብዙዎችን ወደ ሌላው መንገድ ይስብ ነበር። በሐምሌ 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ባንኮች ዋጋቸውን በየጊዜው ያወጣሉ። በሕጋዊ መንገድ የተላከ ገንዘብ ደረሰኝ አለው፤ ደረሰኝ ካለ ማኅበሩም ለለጋሹ ሒሳብ ማቅረብ ይችላል።

በምስጢራዊ ቁጥር ስለሚሠራው ክሪፕቶ ስለሚባለው ገንዘብ ለሚጠይቁን ደግሞ መልሳችን አጭር ነው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በሰኔ 2014 ዓ.ም ባወጣው መግለጫ፣ የአገሪቱ ሕጋዊ መገበያያ ብር መሆኑንና በእነዚህ ነገሮች ክፍያ መፈጸም ሕገ ወጥ መሆኑን አስታውቋል። በዚህ መንገድ የየቲም ድጎማ መላክም መቀበልም አይመከርም።

በተግባር ምን እናድርግ?

ለቤተሰቦች፦ ሲም ካርዱና ሒሳቡ በእናት ወይም በሕጋዊ ሞግዚት ስም ይሁን። የምስጢር ቁጥሩን ለወኪሉ፣ ለጎረቤት ወይም «ከድርጅቱ ነው የምደውለው» ለሚል ሰው አትንገሩ፤ ማኅበርም ሆነ ባንክ ይህን ቁጥር አይጠይቅም። ማንበብ የማትችሉ እናቶች መልእክቱን በቅርብ በምታምኑት ሰው አስነብቡ፤ ቁጥሩን ግን ራሳችሁ ንኩ። መልእክቶቹን አታጥፉ። በስሕተት ገንዘብ ከሄደ ወይም ካልደረሰ በዚያው ቀን ለአገልግሎት ሰጪው አመልክቱ፤ መፍትሔ ካጣችሁ ወደ ብሔራዊ ባንክ አቤት ማለት ይቻላል፤ ባንኩ በ2012 ዓ.ም የፋይናንስ ተጠቃሚዎች ጥበቃ መመሪያ አውጥቷልና። በስሕተት የሌላ ሰው ገንዘብ ከደረሳችሁም አትንኩት፤ «አላህ የሰጠኝ ሲሳይ ነው» ማለት አይቻልም፤ ባለቤት ያለው አማና ነው።

ለለጋሾች፦ በማኅበሩ ስም ለተከፈተ ሒሳብ ላኩ፤ ዘካ ወይም ሶደቃ መሆኑን ግለጹ፤ ደረሰኝ ጠይቁ። የማስተላለፊያው ክፍያ ከየቲሙ ድርሻ እንዳይቀነስ ከፈለጋችሁ ጨምራችሁ ላኩ።

ለማኅበራት፦ በስልክ የተላከውን እያንዳንዱን ክፍያ ከተረጂው መዝገብ ጋር አመሳክሩ፤ ገንዘቡ መድረሱን ከማሽኑ ብቻ ሳይሆን ከእናትየዋ አፍም ስሙ።

የተከበራችሁ አንባብያን! በሱረቱ አን-ኒሳእ ስድስተኛው አንቀጽ፣ አሳዳጊዎች የቲሙ ሲበስል ገንዘቡን ሲያስረክቡት ምስክር እንዲያቆሙ ታዘዋል። በሱረቱል በቀራህ 282ኛው አንቀጽም ዕዳ እንዲጻፍ ታዟል። ያኔ ስልክ አልነበረም፤ ትእዛዙ ግን ዛሬም ይሠራል። ከዚያ ከቀለም ከተነከረ አውራ ጣት ወደ ስልክ መልእክት ስንሻገር የቀየርነው የምስክሩን መልክ እንጂ የምስክርነቱን ግዴታ አይደለም። በስም የተመዘገበ ሒሳብ፣ ያልጠፋ መልእክት፣ የተሰጠ ደረሰኝ፣ የተመረመረ መዝገብ የዘመናችን ምስክሮች ናቸው። ከእነዚህም ሁሉ በላይ የሚያይና የሚቆጣጠር አላህ አለ፤ ተቆጣጣሪነትም በእርሱ በቂ ነው።

አላህ (ሱ.ወ) የሰጣችሁትን ይቀበላችሁ፤ ለየቲሞቻችን አማናቸውን የሚጠብቅ እጅ አያሳጣቸው። ወላሁ አዕለም።